የታጠቡት ዘጠኝ ድስቶች

ጥር 6
ዛሬም ሸክላ አጠብኩ። ከቁፋሮው የሚወጣውን ስብርባሪ እንደ እኔ የሚያጥብ የለም... አዲስ አስመስለዋለሁ። የማንበብና የመጻፍ የማታ ትምህርቴን ከጨረስኩ ደግሞ ሦስት ሳምንቴ። ለባለቤቴ ጋዜጣ አነበብኩላት። «በቃ ሰማሁ፣ ሽንኩርቱን ላጥ» አለችኝ። ቅናት ነው።

ጥር 8
የቁፋሮው ኃላፊ፣ «ዶክተሯ» የምንላት፣ እዚህ ድሮ ሸክላ ሠሪዎች ይኖሩ ነበር አለች። ስብርባሪ ላይ የቀረ የጣት አሻራ አሳየችን። አውራ ጣቴን ገጠምኩበት። ልክክ አለ።
«ዘመድህ ነው» አለኝ ቆፋሪው ጓደኛዬ።
«ድሮም የባለሙያ ዘር ነን» አልኩት።
ከሸክላ መተኮሻው ምድጃ ጀርባ ዘጠኝ ትንንሽ ድስቶች ወጡ። ሁሉም የተንሻፈፉ፣ በጥላሸት የጠቆሩ፣ ውስጣቸው ምግብ የደረቀባቸው። ሳጥናቸው እንደመጣልኝ ክዳኑን ወዲያ ጣልኩና እስከ ምሳ አንጸባረቅኳቸው።

ጥር 9
ክዳኑን ዛሬ አየሁት። «አይታጠብ» ይላል። በቀይ፣ በትልልቁ።
ማንበብ አቅቶኝ አይደለም... አላየሁትም። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ጽሑፍ ሳይ ፊቴን ሳዞር ኖሬ፣ ዓይኔ ገና አልለመደም። ይሄን ማን ያምነኛል? «ድሮም አይችልም ነበር» ነው የሚሉኝ። ስንት ጉራ ነዝቼ...

ጥር 10
ክዳኑን ሦስቴ ሄጄ አየሁት። ያው ነው።

ጥር 12
ድስቶቹ ሲወጡ ያልነበረችው ዶክተሯ ክዳን በሌለው ሳጥን ውስጥ ዛሬ ገና አየቻቸው። «ንጹሕ ናቸው። ማንም አልበላባቸውም፤ ስለተንሻፈፉ ተጥለዋል ማለት ነው» አለችና መዝገብ ላይ ጻፈች። ወደ ማጠቢያዬ ተመለስኩ።
በልተውባቸዋል እኮ። ደህና ደህናውን ሸጠው፣ የተንሻፈፈውን ለራሳቸው አስቀርተው፣ እዚያው ምድጃው ጀርባ አብስለው... በእጄ ነው የፋቅኩት። እኔ ዝም ካልኩ ማን ይናገርላቸዋል?
ለባለቤቴ ነገርኳት። «ምን ልበላት?»
«አንተ አፍህን ከከፈትክ ቀልድ ነው የሚወጣው። ጻፍላት።»

ጥር 13
ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። በመጨረሻ እንዲህ አልኩ፦ «ዘጠኙን ድስት ያጠብኩት እኔ ነኝ። ከውጭ ጥላሸት፣ ከውስጥ የደረቀ ምግብ ነበራቸው። የአንዷ ገንፍሎ በጆሮዋ በኩል ፈሶ ነበር። ክዳኑን አላነበብኩም። ማንበብ ግን እችላለሁ።»
የድስቶቹ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ወጣሁ። ተመለስኩ። ወጣሁ።

ጥር 15
ጠራችኝ። ወረቀቴ በእጇ ነው።
«ከአጠባ ተነሥተሃል። ከነገ ጀምሮ ቁፋሮ ትገባለህ።»

ከዚያ ድስቶቹን አንድ በአንድ አቀረበችልኝ። «ጥላሸቱ እስከ የት ነበር?» በጣቴ አሳየኋት፣ እሷ በእርሳስ አሰመረች። የስድስቱን አስታወስኩ። ሦስቱ ላይ «አላውቅም» አልኩ። ይህቺ ቃል ከአፌ ስትወጣ ራሴም ገረመኝ። የበፊቱን ሰርዛ «አጣቢው እንደጻፈው ተበልቶባቸዋል» ብላ መዝገቡ ላይ ጻፈች። ወረቀቴን ከድስቶቹ ጋር መልሳ ከተተችው።
ለጓደኛዬ እስካሁን አልነገርኩትም።
ቤት ዘግይቼ ገባሁ። «የት ቆየህ?» አለች ባለቤቴ። መንገድ ላይ የተለጠፈውን ሁሉ እያነበብኩ ነበር።