ተመልካቹ ተኝቶ ነበር ስለ ተባለበት ፊልሜ

ፖሶ ሳላዶ፣ ሳንቲያጎ ዴል ኤስቴሮ
ኖቬምበር 4 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.

ለነፃ ፊልም ሠሪዎች ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቦነስ አይረስ

ጉዳዩ፦ በሰባተኛው ፊልሜ ላይ የተሰጠው ውሳኔ እንዲታረምልኝ፣ በኋላም እንዳይታረምብኝ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ሊሳንድሮ ኮርባላን በዚህ አውራጃ ተወልጄ ያደግኩ፣ የዕድሜዬን ግማሽ በራሴ አቅም ፊልም ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጌታም ኩባንያም የለኝም። ዳይሬክተሩም፣ ፕሮዲዩሰሩም፣ ሹፌሩም፣ ለተዋንያን ሥጋ ጠባሹም እኔው ነኝ። የመጀመሪያ ፊልሜን የሠራሁት የአባቴን ትራክተር ሸጬ ሲሆን፣ ያለኝ አንድ ቅጂ ወደ ኮርዶባ ሲላክ አውቶቡስ ላይ ጠፋ። ሹፌሩን እስከ ዛሬ እጠረጥረዋለሁ። ሦስተኛው በተመረቀበት ምሽት ብሔራዊ ቡድናችን ይጫወት ነበርና አዳራሹ ውስጥ የተገኘነው እኔና ጥበቃው ብቻ ነን፤ እርሱም ጆሮው ላይ ሬዲዮ ለጥፎ ነበር። ያንን ምሽት ማን እንደ መረጠልኝ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። አምስተኛው ውጭ አገር ተሸልሞ እዚህ ሳይታይ ቀረ። ይህን የምዘረዝረው ለማልቀስ አይደለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና፣ ጥርጣሬዬ ከልምድ የመጣ መሆኑን እንዲረዱልኝ ብዬ ነው።

2. ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ። ሰባተኛው ፊልሜ ዶን ሴልሶ ሌዴስማ ስለሚባሉ የዚህ መንደር ከበሮ ሠሪ ነው። ግንዱን ሲቦረቡሩ፣ ቆዳውን ሲወጥሩ ያሳያል፤ ወደ መጨረሻው ገደማ ስለ ሚስታቸው ይናገራሉ። ከሌላው ከተማ በፊት የገዛ አገሬ ሰው ይየው ብዬ የማኅበሩን አዳራሽ ለምሽቱ አራት ሰዓት ያዝኩ። ማስታወቂያው ሲለጠፍ ግን ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሆኖ አገኘሁት።

3. ክቡርነትዎ የዋና ከተማ ሰው ስለሆኑ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እዚህ ምን ማለት እንደ ሆነ ላይታይዎ ይችላል። ከምሳ በኋላ ፖሶ ሳላዶ ይተኛል። ባለሱቁ ይተኛል፣ ቄሱ ይተኛል፣ ፖሊሱ ይተኛል፣ ውሻው ይተኛል። በዚያ ሰዓት የሰው በር የሚያንኳኳ ወይ መርዶ ነጋሪ ነው ወይ እብድ። ፊልሜን እዚያ ሰዓት ላይ ያስቀመጠው ሰው የሚሠራውን ያውቅ ነበር።

4. ይባስ ብሎ በዚያው ሳምንት የመንደሩ መብራት ጠፋ። ማን እንዳጠፋው እስካሁን አልተነገረንም። ሙቀቱ ሰው የሚያቀልጥ ነበር። ጄነሬተርና ማቀዝቀዣ ያለው የማኅበሩ አዳራሽ ብቻ ስለ ሆነ፣ ሕዝቡ ትራሱን ታቅፎ ወደ ፊልሜ ገባ። የጽሕፈት ቤትዎ ተቆጣጣሪ የመጡትም በዚሁ ቀን ነው። በሪፖርታቸው ላይ «አዳራሹ ሞልቷል፤ ይሁን እንጂ ተመልካቹ ከዳር እስከ ዳር ተኝቶ ነበር» ብለው ጻፉ። እኔም ከኋላ ቆሜ ሲያንኮራፉ ሰምቻለሁ። ቅዳሴ ላይ እንኳ ዝም ማለት የማይሆንላቸው ዳቦ ጋጋሪዋ ዶኛ ፓስቶራ፣ አፋቸውን ከፍተው ሲያንኮራፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ጽሕፈት ቤቱ ይህን ይዞ ለስምንተኛው ፊልሜ ድጋፍ ከለከለኝ። ውሳኔው የደረሰኝ ባልተለመደ ፍጥነት ነው፤ ፍጥነቱ ራሱ ያጠራጥራል።

5. ስለዚህ ሰዓቱን የለወጠው ማን እንደ ሆነ ተጣርቶ፣ «ተኝቶ ነበር» የሚለው ቃል ተሰርዞ፣ ፊልሙ በምሽት እንደገና እንዲታይና ሌላ ተቆጣጣሪ እንዲላክልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ያለውን የጻፍኩት ባለፈው ሳምንት ነው። ቀድጄ ሌላ መጻፍ እችል ነበር። ነገር ግን እኔ ራሴ ሐሳቡን የለወጠ ሰው ምክንያቱን ካልነገረኝ አላምነውም፤ እርስዎም እንዲያምኑኝ ብዬ እንዳለ ትቼዋለሁ። ከዚህ በታች ያለው በእርስዎ እጅ ብቻ እንዲቀር፣ በማስታወቂያ ሰሌዳም እንዳይለጠፍ አደራ እላለሁ።

6. አቤቱታዬን ከመላኬ በፊት የአዳራሹን ኃላፊ ኦስማር ጋውናን ላፋጥጠው ሄድኩ። ከተቆጣጣሪው ጋር ተመሳጥሮብኛል ብዬ ስለ ነበር ሰላምታም አልሰጠሁት።

«ማን ከፍሎህ ነው?» አልኩት።

«ኧረ ሊሳንድሮ፣ ሰው ሁሉ ጠላትህ ነው እንዴ? ሰዓቱን ያስለወጡኝ ዶን ሴልሶ ናቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ለመኑኝ። የሰባ ምናምን ዓመት ሰው እንደዛ ሲለምንህ አንተ ምን ልትል ኖሯል?»

አላመንኩትም። በቀጥታ ወደ ዶን ሴልሶ ግቢ ሄድኩ። የፍየል ቆዳ እየወጠሩ ነበር። ማቴ የሚባለውን የአገራችንን የቅጠል ሻይ ቀድተው አቀበሉኝና፣ አንድ ቃል ሳልተነፍስ እርሳቸው ጀመሩ።

«ልጄ፣ ቦነስ አይረስ ነው የሚታየው ብለኸኝ ነበር እኮ። እዚያ እኔን የሚያውቅ ማን አለ? እሷ ብቻ ናት። ትምጣ ብዬም አይደለም። በሩ ክፍት መሆኑን ትወቅልኝ ብዬ ነው የተናገርኩት። እዚህማ ከሰሙኝ በምን ዓይኔ ነው ሰው የማየው?»

7. ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤታቸው ዴልፊና የዛሬ ሠላሳ ዓመት ሰው ቤት ሊሠሩ ወደ ቦነስ አይረስ ሄደው፣ በዚያው ቀሩ። ዶን ሴልሶ መተዋቸው አሳፈራቸውና «ሞተች፤ እዚያው ቀበሯት» አሉ። መንደሩ አብሯቸው አለቀሰ። በመካነ መቃብሩም የዴልፊና ስም የተጻፈበት መስቀል አቆመላቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በሙታን ቀን ሰው ሁሉ ለዴልፊና የወረቀት አበባ ይዞ ይሄዳል። ዶን ሴልሶ እውነቱን የተናገሩት በእኔ ካሜራ ፊት ብቻ ነው። ይህን ፊልም ነው እኔ፣ ከሥራዬ በቀር ስለ ሌላ ሳላስብ፣ በምሽት፣ መንደሩ ዓይኑን አፍጥጦ ይይልኝ እያልኩ የምከራከረው። ማቴው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

8. ከትናንት ወዲያ የሙታን ቀን ነበር። በአዳራሹ ውስጥ ያልተኛ አንድ ሰው እንኳ ቢኖር ዶን ሴልሶ አለቀላቸው ብዬ፣ መስቀሉ አጠገብ ቆሜ ማን ይስቅ ይሆን፣ ማን ከማን ይጠቃቀስ ይሆን እያልኩ የእያንዳንዱን ፊት ስመረምር ቆየሁ። መንደሩ እንደ ሌላው ዓመት አበባውን ይዞ መጣ። ዶኛ ፓስቶራ የራሳቸውን አስረው ሲጨርሱ፣ «ነፍሷን በገነት ያኑርልዎ፣ ዶን ሴልሶ» አሉ። ሌላውም ተራ በተራ እንዲሁ አለ። ዶን ሴልሶ ለሁሉም «እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ። ማንም አልሳቀም።

ስንመለስ ዶኛ ፓስቶራ ክንዴን ያዙኝ።

«ያ ፊልምህ እንዴት ያለ እንቅልፍ ነው የሰጠኝ! አንድም ነገር አልሰማሁ» አሉኝ። ጥቂት እንደ ሄድን ግን አላስቻላቸውም። «ብቻ ፍየሌን ሳታስፈቅደኝ መቅረጽህ አናዶኛል። ያቺ መጨረሻ ላይ፣ ዶን ሴልሶ ዓይናቸውን ጠርገው ሲነሡ በበሩ የምታልፈዋ የኔ ናት!»

ፍየሏ የምትታየው ዶን ሴልሶ ሁሉንም ተናግረው ከጨረሱ በኋላ ነው። ዶኛ ፓስቶራን አየኋቸው፤ እርሳቸው መንገዱን ያያሉ። «ይቅርታ፣ ዶኛ ፓስቶራ» ብቻ አልኩ። ከዚያ ወዲህ በመንገድ የማገኘውን ሁሉ እጠረጥራለሁ፤ ማንንም ግን አልጠየቅሁም። ሆድ ይፍጀው ያለ መንደር አይጠየቅም።

ዶን ሴልሶ ሕዝቡ ተኝቶ እንደ ነበር በሙሉ ልባቸው አምነዋል። ያሳመናቸው የጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ያለበት ውሳኔ ነው። ግልባጩን ለምነውኝ ሰጥቻቸዋለሁ። ማንበብ ስለማይችሉ ያነበቡላቸው ዶኛ ፓስቶራ ናቸው፤ «ተኝቶ ነበር» የሚለውን ሁለት ጊዜ እንዳነበቡላቸው ሰምቻለሁ።

9. ስለዚህ በቁጥር 5 የጠየቅሁትን ሁሉ አንሥቻለሁ። የተቆጣጣሪው ቃል እንዳለ እንዲጸናና ለማጣራት በሚል ማንም ሰው ወደዚህ እንዳይላክ እለምናለሁ። በዚህ ውሳኔ ስምንተኛው ፊልሜ እንደሚቀር፣ በዕድሜዬም ሌላ ዕድል ይመጣል ማለት ዘበት እንደ ሆነ አውቃለሁ። አልቆጨኝም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ በጣም ይቆጨኛል።

10. አንዱን ግን አልለቅም። ሰባተኛው ፊልሜ በቦነስ አይረስ አንድ እሑድ ምሽት፣ ሰው ቤት የሚሠሩም ሠርተው ያረጁም ሴቶች በሚያርፉበት ሰዓት፣ በነፃ ይታይልኝ። ያን ምሽት ከተመልካቹ መካከል አንዲት አሮጊት እንቅልፍ ወስዷቸው ቢያዩ፣ እባክዎን ቀስ ብለው ይቀስቅሱልኝ።

ከሰላምታና ከተረፈኝ ጥቂት ጥርጣሬ ጋር፣

(ፊርማ)
ሊሳንድሮ ኮርባላን
የፊልም ዳይሬክተርና ፕሮዲዩሰር

ግልባጭ፦ ለማንም አይሰጥ