ከአንገቷ የፈታሽው እርሳስ

ፔታ ቲክቫ፣ እስራኤል፣ ከሱኮት በዓል በኋላ፣ 1986 እ.ኤ.አ.

ውድ ልጄ ደጊቱ፣

ወደ አሽቀሎን በሚሄደው አውቶቡስ ከመሳፈርሽ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ጠየቅሽኝ። «አባባ፣ ልጄን ያሳመማት ምን እንደሆነ በገዛ አፍዎ ይበሉት። እስኪሉት ድረስ ኮከብን አላመጣልዎትም» አልሽኝ። እኔም ፊቴን አዞርሁ። ይኸው አራት ወር ሆነ። ዓረፍተ ነገሩን እጽፍልሻለሁ፤ የምደርስበት ግን በራሴ መንገድ ነው። ሳትዘልዪ አንብቢ።

እዚህ አገር እንደገባን የሥራ ቢሮው ጸሐፊ ነጭ ፀጉሬን አይቶ «አንተማ እረፍ፣ ሳባ» አለኝ፤ አያት ማለቱ ነው። አርባ ዓመት ማረሻና ማጭድ ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ መኪና ሲቆጥር ሊውል ነው? ጋራዦቹ አሮጌ የመኪና ባትሪ ሲጥሉ አየሁ። እየለመንሁ አመጣሁ፤ ግቢያችን ውስጥ እየሰበርሁ፣ ውሃውን አፈር ላይ እየደፋሁ፣ በውስጡ ያለውን እርሳስ አቅልጬ ለዓሣ አጥማጆች የመረብ ማስመጫ ሠራሁ። እርሳስ እንደ ቅቤ ነው የሚቀልጠው፤ ወናፍ እንኳ አይፈልግም። ከብረት ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ይንቀዋል። እኔም ናቅሁት።

አንቺ ፋብሪካ ስትውዪ ኮከብ አጠገቤ ትጫወት ነበር። አባቴ አንቺ ስትወለጂ በገዛ እጁ የብር አምባር ሠርቶ እንዳሰረልሽ ታውቂያለሽ። የኛ ቤት ሰው ለመጀመሪያ የልጅ ልጁ ጌጥ አይገዛም፤ ይሠራል። ብር አልነበረኝም። እንደ ስሟ ኮከብ አድርጌ ከእርሳስ አፈሰስሁና በክር አንገቷ ላይ አሰርሁላት። መንጋጋዋን ስታወጣ እሱን ትጠባ ነበር። ሳያት ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ሆዷን አመማት። እህል ጠላች፣ ከንፈሯ ነጣ፣ የለመደቻቸውን ቃላት መርሳት ጀመረች። ሐኪም ቤት ደሟን መረመሩ። ነርሷ የተናገረችውን ያቺ የምታስተረጉምልን ኤስቴር ስትነግረኝ አንቺም ነበርሽ።

«አባ ገበየሁ፣ ደሟ ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል። ልጅቷን ያሳመማት የእርስዎ ሥራ ነው።»

አንቺ ወዲያው ክሩን ፈትተሽ ኮከቡን የነርሷ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሽ። እኔ ግን ነርሷንም ኤስቴርንም አልሰማሁም። የሰማሁት የሌላ ሰው ድምፅ ነው።

አገር ቤት፣ ስድስት ዓመትሽ ሳለ፣ ያ ጎረቤታችን ገበሬ ዱላውን ይዞ ደጃችን ቆሞ ነበር። በዚያው ሳምንት ማረሻውን ስዬለት ነበር። ልጁን ሆዷን አሟታል። «ቡዳ! ልጄን በልተሃታል፣ ልቀቃት!» ይላል። አንቺ ከናትሽ ጀርባ ተደብቀሽ ታለቅሺ ነበር። ቀጥቃጭ በመሆናችን ብቻ ሰው ይበላሉ ተብለን ኖርን። ያንን ስም ሱዳን በረሃ ውስጥ፣ እናትሽን ከቀበርሁበት አሸዋ ጋር የተውሁት መስሎኝ ነበር። እዚህ ደርሼ፣ ነጭ በለበሰች ሴት አፍ፣ እንደገና ሥራህ ልጅ በላ ሲሉኝ ምን ላድርግ? «ውሸታሞች» ብዬ በሩን ደርግሜ ወጣሁ። በማግስቱም ማቅለጤን ቀጠልሁ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ታውቂኛለሽ፤ ሰው የነገረኝን አልቀበልም። ፊደልን እንኳ ከገበያ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ራሴ ነኝ የለቀምሁት። ስለዚህ አራት ዶሮ ገዛሁ፣ ሁሉም ከአንድ ሰው፣ ዕድሜያቸውም እኩል። ሁለቱን ባትሪ የምሰብርበት ግቢ ውስጥ ለቀቅሁ። ሁለቱን ራማት ቬርበር ሰፈር በሚኖረው በወዳጄ በታረቀ ጓሮ አስቀመጥሁ። አንድ ዓይነት እህል በየቀኑ አበላኋቸው፤ ወደ ታረቀም በእግሬ እየተመላለስሁ።

ታረቀ ይስቅብኝ ነበር። «አባ ገበየሁ፣ ዶሮዎቹ ዕብራይስጥ ሊማሩ ኡልፓን ገቡ እንዴ? ፈተና የሚወስዱ ይመስል በየቀኑ ይጎበኟቸዋል።»

«ዝም ብለህ ውሃ ስጣቸው» አልሁት።

«በሰደር፣ እሺ፣ በሰደር። ካለፉ ግን አንዷን እበላለሁ።»

በስድስተኛው ሳምንት የኔዎቹ እንቁላል መጣል አቆሙ። አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ኩክኔ ነጣ፣ ክንፋቸው ወደቀ፣ ሲራመዱ እንደ ሰካራም ይንገዳገዱ ጀመር። ታረቀ ጓሮ ያሉት ግን ያስካካሉ። አንዷ ዶሮ በደጄ ስትሞት አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። የምትጭረው አፈር እኔ የባትሪውን ውሃ የደፋሁበት አፈር ነው። ኮከብም እዚያው አፈር ላይ ነበር የምትጫወተው። ነርሷን አላመንኋትም፤ ዶሮዋን አመንኋት።

በማግስቱ ክሊኒክ ሄጄ ክንዴን ዘረጋሁ። የእጄን መንቀጥቀጥ እርጅና ነበር የምለው። እርሳስ ነው። ኤስቴር እንዳስረዳችኝ ሰውነት አጥንት ከሚሠራበት ከካልሲየም ስለማይለየው አጥንት ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ከኔ አጥንት በቶሎ አይወጣም። ብረት ሌላ ነው፤ ደማችን ያለ ብረት አይሆንም። እርሳስ ግን በሰውም፣ በዶሮም፣ በማንም አካል ውስጥ ሥራ የለውም። ይህን ሳውቅ የተሰማኝን ልንገርሽ፦ እፎይታም፣ ሐፍረትም። ገበሬው ውሸታም ነበር፤ የኔ ማረሻ የማንንም ልጅ አልበላም። ነርሷ ግን እውነቷን ነው። ሁለቱን አንድ አድርጌ ሰማኋቸው፤ የድሮውን ውሸት ስታገል አዲሱን እውነት ደፈጠጥሁት። ልጅሽ ሐኪም ቤት በመርፌ ስትሰቃይ እኔ ስለ ስሜ ነበር የምቆጣው።

ማቅለጫውን አፈረስሁ። የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ጠርቼ የግቢውን አፈር በጭነት መኪና አስወሰድሁ፤ አሁን ግቢው ጉድጓድ ሆኗል። ያንን ኮከብ ነርሷ ዘንድ ሄጄ ጠይቄ ተቀበልሁ፤ ለራሴ ማስታወሻ አልያዝሁትም፣ ከአፈሩ ጋር ጫንሁት። ሌላ አልሠራሁላትም። የምሠራው ነገር ካለ መጀመሪያ ለነርሷ አሳያለሁ።

ይቅር በይኝ ብዬ አልለምንሽም፤ ልመና አልችልበትም፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ኮከብ ቃላቷ ተመልሰውላት እንደሆነ ግን ጻፊልኝ። ባይመለሱም ጻፊልኝ።

አሁን የጠየቅሽኝን እነሆ። ይህን ወረቀት ፖስታ ውስጥ ከመክተቴ በፊት ታረቀ ፊት ቆሜ ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ፣ በገዛ አፍዎ ብለሻልና፤ እሱም አልሳቀም።

ኮከብን ያሳመማት እኔ ያቀለጥሁት እርሳስ ነው፤ አንገቷ ላይም ያሰርሁት እኔው ነኝ።

ቀጥቃጩ አባትሽ፣
ገበየሁ