ሰሊጥ የጋረደው ዋይፋይ

ለክፍል ጓደኛዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? እናትሽስ ደህና ናቸው? እኔ የገንዳ ውሃ ከተማ ሙቀት ካልሆነ በቀር ደህና ነኝ። ባሕር ዳር ሥራ ይዣለሁ ብለሽ ከጻፍሽልኝ ስድስት ወር ሆነ። መልሱን ያዘገየሁት በኩርፊያ አይደለም።

የምጽፍልሽ ስለ ላፕቶፗ ነው። ግቢ እያለን አብረን ሊኑክስ የጫንንባት አሮጌዋ አሁንም አለች። ጎንደር ለኔትወርክ ቴክኒሻንነት አመልክቼ፣ ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ነው ተባልኩ። ዋይፋይዋ ግን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ይቋረጣል። የራሱን ኔትወርክ ማስተካከል ያቃተውን ማን ይቀጥረዋል?

የምኖረው ከሐሚዳ ሱቅ ጀርባ ተከራይቼ ነው፤ ዋይፋዩም የሷ ነው። መጀመሪያ ዋይፋዩን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ ጠርጥሬ እንደ አዲስ ጫንኩት። ቀጥሎ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ዋይፋዩን የሚያስተኛውን ቅንብር አጠፋሁ። ሁለት ቀን ደህና ሆነች፤ በሦስተኛው ያው። ሰሊጥ ጫኙ ደረበ በመስኮት እያየኝ «ኢንጅነር፣ ዛሬም አልነሣም አለችህ? ንገረንና እንግፋልህ እንጂ!» ይለኛል።

እሱ ሲስቅ ነው ከኋላው ያለውን ያየሁት። በኔና በራውተሩ መካከል ባለው መጋዘን የሰሊጥ ጆንያው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። መኪና መጥቶ ሲያነሣው ዋይፋዩ ይመለሳል፤ ሲሞላ ይጠፋል። ሐሚዳን አስፈቅጄ ራውተሩን ከጆንያው በላይ ሰቀልኩት።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም ነበር። ዋይፋዩ ሲጠፋ ላፕቶፗ ተቋርጣ አትቀርም፤ ሌላ የምታውቀው ኔትወርክ ላይ ትጣበቃለች። «ተገናኝቷል» ትላለች፣ ኢንተርኔት ግን የለም። መዝገቧን ከፍቼ የኔትወርኩን ስም አየሁት። ግቢ እያለን ኢንተርኔት ታካፍይኝ የነበረው ያንቺ ስልክ ነው። ስም ይመሳሰላል፤ የይለፍ ቃል ግን አይመሳሰልም።

ሐሚዳ በዚያ ሰሞን «ከጎን ግቢ ሙሽራ ገብታለች። ወላሂ፣ እንዳንተው የተማረች ናት አሉ፤ ደጅ ስትወጣ ግን አላየናትም» ብላኝ ነበር።

ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ቃለ መጠይቁ ተጀመረ። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ መብራት ጠፋ፤ ራውተሩም አብሮ። «ይሰማል? ይሰማል?» እያልኩ ሰፈሩን አናወጥኩት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ላፕቶፗ በራሷ ካንቺው ስልክ ጋር ተገናኘች፤ የዚያን ዕለት ኢንተርኔትም ነበረው። አርባ ደቂቃ ሙሉ አንዴም አልተቆራረጠም። አመስግኜ ስሰናበታቸው ጠፋ።

ሥራውን አግኝቻለሁ፤ ሰኞ ወደ ጎንደር እወጣለሁ። ይህን በፖስታ አልላክሁትም፤ ሐሚዳ ጎን ግቢ ገብታ በእጅሽ ትሰጥሻለች።

አንድ ነገር ብቻ፦ የስልክሽን የይለፍ ቃል ቀይሪው። የልደቴን ቀን የሚያውቅ ሁሉ ይገባበታል።

አምላክ የገባሽበትን ቤት የሰላም ያድርግልሽ።

የክፍል ጓደኛሽ