እማዬ የማትሰማው አውቶቡስ

ይድረስ ለምትናፍቀኝ ለወንድም ጋሼ፤

እንዴት ነህልኝ? ጤናህስ? ያ የሚያስቸግርህ ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሣ ታቃስታለህ? ባለቤትህ በርትታለች? ልጆቹስ አደጉ? ብርዱንስ ለመዱት? እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ቆማ ትሄዳለች፤ ትበላለች፤ ትቆጣለች። "ሁላችንም በጣም ደህና ነን" ብዬ ልቀጥልልህ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ተቀምጠህ አንብበኝ።

በስልክ ለምን እንዳልነገርኩህ ትገረም ይሆናል። ቤታችን አንዲት ክፍል ከነጓዳዋ ናት፤ የእማዬን ጆሮ ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ጎረቤት በሹክሹክታ ያማውን ሰምታ ከዚህ ሆና መልስ የምትሰጥ ሴት ናት። አሁንም ይህን ስጽፍ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ የታጠበ ካልሲ ታጣምራለች። ወረቀቱ ከእጇ አንድ ክንድ አይርቅም፤ የምጽፈውን ግን አታይም። ወንድም ጋሼ፣ እማዬ ዓይኗ እየሄደ ነው። ለአንተ ትንፍሽ እንዳልል ቃል አስገብታኝ ነበር፤ ይኸው ቃሌን በላሁ።

መጀመሪያ የመንገዱን ነገር ልንገርህ። አንተ የምታውቀው ጠባቡ አስፋልት የለም። ባለሱቁ ተነሥቷል፣ ፀጉር አስተካካዩ ተነሥቷል፣ ጥላ የነበሩን ዛፎች በአንድ ቀን ተቆርጠው ሄዱ። የእኛም አጥር ተቆርጦ መንገዱ ደጃፋችን ድረስ መጥቷል። መሃሉን ለአውቶቡስ ብቻ ለይተውታል። የድሮዎቹ ታክሲዎች ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ተባረሩ፤ በእነሱ ቦታ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ረጃጅም አውቶቡሶች ገቡ። እውነቱን ለመናገር ያምራሉ። ግፊያ የለም፣ ጭስ የለም፣ እኔ ራሴ የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ለመድረስ የሚፈጅብኝ የድሮው ጊዜ ግማሽ ነው፤ አለቃዬ ምን ነክቷት ነው ማርፈድ የተወችው እያለ ይገረማል። ድምፅም የላቸውም። የእኛ መከራ የመጣው በዚህ ነው።

እማዬ የምትሠራበት ላውንደሪ እንደምታውቀው ከመንገዱ ማዶ ነው። የሚመጣው ታክሲ የማን እንደሆነ በሞተሩ ሳል ትለያለች እያልን እንስቅባት አልነበር? ለካስ መንገዱን ስትሻገር የኖረችው በጆሮዋ ነው። ሞተሩን ትሰማለች፣ የረዳቱን ጩኸት ትሰማለች፣ ፀጥ ሲል ትገባለች። ሥራ ቦታዋም ያወቀባት የለም። ኮሌታውን በጣቷ እየዳበሰች ነው የምትተኩሰው፤ ባለ ላውንደሪዋም እንደ እሷ አንሶላ የሚያጥፍ አልተፈጠረም እያለች ታመሰግናታለች።

ያወቅኩት ባለፈው ወር ነው። ጠዋት በሩን እየቆለፍኩ ነበር፤ እሷ ቀድማ ወጥታ መንገዱ ዳር ቆመች። አዳመጠች። ምንም ስላልሰማች ገባች። ነፍሴ ከሥጋዬ ተለየች! አውቶቡሱ ሲጢጥ ብሎ ጉልበቷ ሥር ቆመ፤ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ አንዱ ባንዱ ላይ ተደፋ። ሾፌሩ ቦርጩ ከመሪው ጋር የሚታገል ወፍራም ሰው ነው፤ ላብ በላብ ሆኖ ወረደ። ሊጮህባት ነው ስል እሷ ቀደመችው፤ "ሌባ ነህ እንዴ ኮቴህን አጥፍተህ የምትመጣው?" ብላ አፈጠጠች። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር። ግን ያፈጠጠችው ሾፌሩ ላይ አልነበረም፤ ከጎኑ በቆመው የመብራት ምሰሶ ላይ ነበር።

ማታ ቁርጡን ንገሪኝ ብዬ ያዝኳት። "ካላየሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!" ብላ ማለችልኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከሳቅ ብዛት እወድቅ ነበር። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት ወይ ፍንክች። ኋላ አልቅሼ ስለምናት እውነቱን አወጣችው፤ ሐኪሙ "አልቋል" ካላት በማግሥቱ ካውያውን ከእጇ እንደሚወስዱባት፣ ካልተጠየቀ ግን ማንም ምንም እንደማይላት ነገረችኝ። የእግረኛ ድልድይ አለ፤ ግን ሩቅ ነው፤ ደረጃው ደግሞ እኔንም ያዞራል። እሱን የሚወጣው ነፍሱን የጠላ ነው ትላለች።

እኔ ፈሪዋ ታዲያ ብልኃት ያገኘሁ መሰለኝ። አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ግቢ ሄጄ ያንን ወፍራም ሾፌር ፈለግኩት፤ ጓደኞቹ ቦርጮ ይሉታል። በእኛ ደጃፍ ስታልፉ እናቴን ዳር ላይ ቆማ ካያችሁ እባካችሁ ክላክስ አድርጉ፣ እንድትሰማችሁ ብዬ ለመንኩት። ደግ ሰው ነው፤ ለሁሉም እነግራለሁ አለኝ። መርቄው ተመለስኩ፤ ያን ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

በማግሥቱ ደጃፍ ላይ ሆኜ አያታለሁ። አንዱ አውቶቡስ ከሩቅ አያትና እንደተነገረው ሁለት ጊዜ ክላክስ አደረገ። እማዬ ፊቷ በራ። እጇን አነሣች፣ እንደ ምስጋና። ከዚያ ቀጥ ብላ ገባችበት።

ታክሲዎቹን አስታወስካቸው? ዳር ቆማ ሲያዩዋት ቆመው ሁለት ጊዜ ክላክስ ያደርጉላት ነበር፤ "እማማ፣ ይለፉ" ማለታቸው ነው። እሷም እጇን አንሥታ አመስግና ትሻገራለች። እኔም አንተም ቀሚሷን ይዘን ስንት ጊዜ አብረናት ተሻግረናል! ይህን እያወቅኩ፣ ያን ቀን ለቦርጮ ስነግረው እንዴት ትዝ አላለኝም? አውቶቡሱ ተጠምዝዞ ሳታት፤ ቦርሳዋን ግን መትቶ እሷን ዘረራት። ሮጬ ስደርስ መዳፏና ጉልበቷ ተልጦ ነበር፤ ሌላ ጉዳት አልደረሰባትም፣ ፈጣሪ ይመስገን። ግራ ገብቷት ወደ ድምፄ ዞረችና ሁለት ጊዜ እኮ ነፋልኝ፣ አልሰማሽም እንዴ አለችኝ። እናቴን አውቶቡሱ ፊት ያስጠራኋት እኔ ነኝ።

ክላክሱን አስቀረሁት። አሁን እንደገና በዝምታ ያልፋሉ። ቢነፉላት ትገባለች፤ ዝም ቢሉ አትሰማቸውም። አንድ ቀን ዳር ላይ ቆሜ ዓይኔን ጨፈንኩና እንደ እሷ አዳመጥኩ። ነፋስ ቀሚሴን ገለበው፤ ዓይኔን ስገልጥ አውቶቡሱ አልፎኛል። ከዚያ ወዲህ እህል አይወርድልኝም። ፎቶ ኮፒ ቤት የሰውን መታወቂያ ገልብጬ እያተምኩ ስንቱን ወረቀት አበላሸሁ። ከውጭ ሰው ሲጮህ ቀድማ የምትመጣብኝ እሷ ናት። "ፈሪ ለእናቱ" ይላሉ፤ የእኔ ፍርሃት ግን ለእናቴም አልበጃት።

ጠዋት ጠዋት አብሬያት እሻገራለሁ። ማታ ስትመለስ ግን እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ አሻግሪያት ብዬ አደራ ያልኳት ባለ ላውንደሪዋም ለምን ብላ እንዳትጠይቅ ስለፈራሁ እውነቱን አልነገርኳትም። ጠዋትም ቢሆን እማዬ እጇን አታስይዘኝም ነበር፤ እኔ ነኝ አንቺን ያሻገርኩሽ እያለች ትመነጭቀኛለች፤ እኔም ከኋላዋ ልብሷን ልይዝ እንደተዘጋጀሁ እከተላታለሁ። ትላንት ግን ዳር ላይ ስንደርስ ምንም ሳልላት ክንዴን ፈልጋ ያዘችው። አጥብቃ ያዘችው። ወንድም ጋሼ፣ አውቶቡሱ ካስደነገጠኝ ይልቅ ይህ አስደነገጠኝ።

አንተን ትሰማለች፤ የበኩር ልጅ ቃል እሷ ዘንድ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ከቻልክ ፈቃድ ጠይቀህ ና፤ ሐኪም ቤት አንተ ይዘሃት ግባ። ካልቻልክ ደውልና ሐኪም ዘንድ ሂጂ በላት። እኔ እንደነገርኩህም አትደብቃት፤ ትቆጣኝ፣ ወር ሙሉ ታኩርፈኝ። ከምቀብራት ብታኮርፈኝ ይሻለኛል።

ባለቤትህን በጣም ሰላም በልልኝ፤ ለእማዬ የላከችው ሹራብ ልክ ሆኗል፤ ቀለሙ ያምራል ብላ ደጋግማ ተናግራለች፤ የትኛው ቀለም እንደሆነ ግን አልጠየቅኳትም። ትልቋን ልጅህን ግንባሯን ሳምልኝ። ያን አኩራፊ ትንሹን ደግሞ አክስትህ ጆሮህን ትቆነጥጥሃለች በለው። አማትህም እግራቸውን እንደተሻላቸው ተስፋ አደርጋለሁ፤ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

እማዬ ካልሲዎቿን ጨርሳ ወደ እኔ ዞራለች። ይህን ሁሉ ምን እየጻፍሽለት ነው ስትለኝ ስለ መንገዱ አልኳት። የእኔንም ጨምሪልኝ አለችኝ፤ "ዓይኑን ለማየት ያብቃኝ ብለሽ ጻፊለት።" እንዳለችኝ ጻፍኩት።

እህትህ

ከእናታችን ቤት፣ ከሰፊው መንገድ ዳር
እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለት