ልካብኝ ነበር

ጥቅምት 19
ቁስቋምን ተሳልሜ ገባሁ። ጉልበቴ አመመኝ። ጎረቤቴ ሰርካለም "የጽጌ ጾም እኮ የፈቃድ ነው፤ ምነው ራስሽን መቅጣት?" ትለኛለች። እሷ ቅቤዋን ታንጥር። እኔ ጾሙንም በዓሉንም ሠላሳ ዓመት አላጎደልኩም። ዘንድሮ ደግሞ ዳዊቱን ራሴ ነው የማነበው። የልጅ ልጄ ሶሊያና በስልሳ አራት ዓመቴ ፊደል አስቆጥራኛለች።

ጥቅምት 21
የንስሐ አባቴ ቄስ ህሩይ መጡ።
"ወለተ ኪዳን፣ ጾሙስ ሸጋ ነው። ቁርባኑስ?"
"እደርስበታለሁ አባ። አርጅቻለሁ።"
"ያረጀ ነው የሚቸኩለው። ከማን ተጣልተሻል?"
"ከእህቴ። የበደለችኝ እሷ ናት።"
መስቀል አሳልመውኝ ሄዱ።

ጥቅምት 22
ለንስሐ አባት ዋሸሁ…
እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፈው። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት እናቴ በትውልድ መንደራችን በኮሶዬ ታመመች። እህቴ እንኳየሁ አያ ክንዱን ላከችብኝ። "እናትሽ ትጠራሻለች፤ ዛሬውኑ ነይ።" የቁስቋም ዋዜማ ነበር። የማኅበሩ ድግስ ተራው የእኔ፣ ጠላው ተጠምቆ። "በዓሉን አክብሬ" አልኩት።
የደረስኩት ለቀብሩ ነው። ሰው ሁሉ ሲያፈጥብኝ "አልላከችብኝም" ብዬ ጮኽኩ። አያ ክንዱ "የተላክሁት እኔ ነኝ" ቢል፣ የባሏ አጎት ነውና ማን ይመነው? በዓመቱ ሞተ። እንኳየሁን እስከ ዛሬ "እናትን ከልጅ የደበቀች" ይሏታል።

ጥቅምት 27
ደወልኩላት።
"ማን ልበል?"
"እቴነሽ።"
ላም ስትጮህ ይሰማኛል።
"ይቅር በይኝ።"
"በስልክ? ስሜን ያጠፋሽው በስልክ ነበር?"
"የት ልምጣ ታዲያ?"
"ረሳሽው? ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ሰው እንደቆመ። የቁስቋም ዕለት እዚህም ሰው አይጎድልም።"
ዘጋችው። የቁስቋምን ዕለት የመረጠችው ሆን ብላ ነው። መርዝ ናት።

ኅዳር 2
ተኩስ አለ፣ የኮሶዬ መንገድ ተዘግቷል ይላሉ። ደስ አለኝ።
ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኅዳር 5
መንገዱ ተከፈተ። ሰርካለም ሳቀችብኝ። "ነገ ቁስቋምን ትተሽ ልትሄጂ? ሠላሳ ዓመት ያላጎደልሽውን?"
"ከሠላሳው አንዱን ማጉደል ነበረብኝ" አልኳት። አልገባትም።

ኅዳር 6
ኮሶዬ። ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲወጣ ደጁ ላይ ቆምኩ። የምለውን በወረቀት ጽፌ ነበር፤ ስገልጠው ፊደሉ ተደባለቀብኝ።
"ልካብኝ ነበር። የቀረሁት እኔ ነኝ። ዋሽቼባታለሁ።"
ሌላው ሁሉ ጠፋኝ። አንድ ሽማግሌ "አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ" አሉና ፊታቸውን አዞሩብኝ። ይሁን።
እንኳየሁ አልሳመችኝም። "እማ እስከ መጨረሻዋ 'እቴነሽ መጣች?' ትል ነበር" አለችኝ። "'መንገድ ላይ ናት' አልኳት።"
ወደ መቃብሩ መንገድ ጀመረች። ትንሽ ሄዳ፣ ሳትዞር፣
"ነይ" አለችኝ።