ልጅሽን አቅፈሽ ስታልፊ

ውድ የላይ ቤት ጎረቤቴ፣

እንደምን አለሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጅሽስ? አዲሱን ከተማ ለመዳችሁት? እኛ ደህና ነን። በስልክ «ደህና ነን» የምልሽ ወሬውን ለመቁረጥ ነበር፤ ዛሬ ግን ዘርዝሬ ልጽፍልሽ ነው። አንቺም ስትደውዪ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ባሌ፣ ስለ አማቴ ጉልበት ሳይቀር ትጠይቂኛለሽ፤ ስለ ልጄ ግን «ሳሚልኝ» ብለሽ ታልፊዋለሽ። ፈርተሽ እንደሆነ አይጠፋኝም።

አንድ ሰሞን አርግዘን አንድ ሰሞን ወለድን። ልጆቹን የምሰፋው ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን እናስተኛቸው ነበር። ያንቺዋ ተገለበጠች፣ ተቀመጠች፣ ዳዴ ብላ የክር ካርቶኔን ደፋች። የኔው እዚያው በጀርባው ተንጋሎ ጣሪያ ያያል። አባቱ «ጌቶች» ያለው ያኔ ነው፤ «ጌታ ሰው ምን ብሎ ይነሳል? ሁሉም ይመጣለታል» እያለ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ልጅሽ መራመድ ከጀመረች በኋላ ደረጃውን ስትወርዱ ኮቴዋን እሰማለሁ። እኔ በር ጋ ስትደርሱ ድምፁ ይጠፋል። አፈፍ አድርገሽ ታቅፊያታለሽ፤ እሷ «ልውረድ» እያለች ትንፈራገጣለች፤ አንቺ «እሽሽ» ትያታለሽ። የስፌት መኪናዬን አቁሜ አዳምጣችሁ ነበር። አንዳንድ ቀን አንጀቴን ትበይው ነበር። አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ባታዝኚልኝ ምናለበት እል ነበር።

እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ለክትባት ወሰድኩት። ዓመቱን አልፏል። ነርሷ ብብቱን ይዛ ልታቆመው ስትል እንደ እርጥብ ጨርቅ እጇ ላይ ተዝለፈለፈ።

«ይቀመጣል?» አለችኝ።

«ትራስ ሳስደግፈው።»

«ትራሱን ስታነሺውስ?»

ልጁን ከእጇ ተቀበልኩት። ዛሬ ነገ ሳትዪ ለሕፃናት ሐኪም አሳዪው አለችኝ።

ቤት ስገባ አማቴ «ምን አስቸኮላችሁ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለች። ይህን ተረት ስንቴ እንደሰማሁት አታውቂም። ባሌ ጫማውን እያሰረ «እማዬ፣ እንቁላሉ እስኪሄድ እኛ ሐኪም ቤት ደርሰን እንምጣ» አላት።

ሐኪሟ እጅ እግሩን አገላብጣ አየችው፤ ደም አስመረመረችው። ጡንቻው ደካማ ነው፣ ምክንያቱን ገና እናጣራለን፤ ዘግይቶ ሊሄድ ይችላል፣ ድጋፍም ሊያስፈልገው ይችላል አለችን። ባሌ ልጁን ይዞ ሲወጣ እኔ ወደኋላ ቀረሁ።

«አርግዤው የስፌት መኪና ላይ አጎንብሼ ስለዋልኩ ይሆን?» አልኳት።

«አይደለም። ይህን ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው በሆድሽ የያዝሽው?»

«የጎረቤቴ ልጅ ዳዴ ካለች ጀምሮ» አልኳት። እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። ለእናቴም ለባሌም ያልተናገርኩትን ለማላውቃት ሴት ነገርኩ፤ ቀለለኝ።

ከዚያ ወዲህ ፊዚዮቴራፒ እናመላልሰዋለን። ባለሙያው እጁ አካፋ የሚያህል ሰውዬ ነው። በተጠቀለለ ፎጣ ላይ በደረቱ ያስተኛውና መጫወቻ ከፊቱ ያስቀምጥለታል። ጌቶች ጩኸቱን ያቀልጠዋል። ሰውዬው «ይጩህ፣ እሱም ስፖርት ነው» ይላል። እቤትም ይህንኑ እናሠራዋለን። አማቴ መጀመሪያ ላይ «ልጁን ልትገድሉት ነው» ብላ ትወጣ ነበር። አሁን፣ በዚያ ጉልበቷ፣ እሷም ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ ፊት ለፊቱ ሆና ትጠራዋለች። እሷን ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

ባለፈው ሳምንት የተማሪ ዩኒፎርም እየቆረጥኩ ዞር ስል ጌቶች ቁጭ ብሏል። ያለ ትራስ። አንድ እጁን ወለሉ ላይ ተክሎ፣ በሌላው ሜትሬን ይዞ ያኝካል። እንዳይደነግጥ ብዬ ድምፄን ዋጥኩት። ባሌን በሹክሹክታ ጠራሁት፤ መጥቶ በሩ ላይ ቀረ። ልጁ ወዲህ ተወዛወዘ፣ ወዲያ ተወዛወዘ፣ ተመለሰ። በመጨረሻ ወደቀና አለቀሰ፤ ተናዶ እንጂ ተጎድቶ አይደለም። ባሌ ሮጦ አነሳው።

ሐኪሟም ደስ አላት። መቼ እንደሚሄድ ግን ቀን አልቆርጥላችሁም ብላናለች። ይሁን። እኛም መጠየቁን ትተናል።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። እረፍት ስታገኚ ልጅሽን ይዘሽ ነይ፤ በእግሯ ትግባ። ባለሙያው ሌላ ልጅ አጠገቡ ሲኖር ይበልጥ ይታገላል ይላል፤ እኔም አይቼዋለሁ። መጫወቻውን ትቀማው፣ ይናደድባት፣ ሊደርስባት ይሞክር። የምታድሩት እኛ ጋ ነው፤ ሆቴል የሚባል ነገር እንዳልሰማ። ምናልባት ልጅሽ ስትሮጥ ሳይ ዕንባዬ ይመጣ ይሆናል። ያኔ እሷን አታስቁሚያት። አጠገቤ ቁጭ በይና እስኪያልፍልኝ ጠብቂኝ።

የምትናፍቅሽ፣
የጌቶች እናት