በኪሴ የቀረችው ቦሎቄ

ዓርብ፣ ከምሳ በኋላ

ውድ ወንድሜ ኤልቢዮ፣

እንደምን ሰነበትክ? እዚያ ኮሞዶሮ ነፋሱ ሰው ያንገዳግዳል ሲሉ እሰማለሁ። እማማ "ሹራብ ይለብሳል ወይ ብለህ ጠይቀው" ብላኛለችና ጠይቄያለሁ። እሷ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፣ ቴሌቪዥኑን ትሰድባለች፣ እሑድ እሑድ ፓስታውን አሁንም ለሦስት ሰው ትቀቅላለች። የተረፈውን ሰኞ እኔ እበላዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። በስልክ እንዳልነግርህ ራሴን አውቀዋለሁ፤ ገና ሰላም ሳልልህ ስለ ዝናብ ማውራት እጀምራለሁ። አውቶቡስ ልትሳፈር ስትል መናኸሪያው ላይ ልነግርህ የሚገባ አንድ ነገር ነበር። አልነገርኩህም። ይኸው ዓመት ሞላው። ከነገ ወዲያ እንደገና ከሞሊኖ ክለብ ጋር እንጫወታለን፣ እኔም ከትናንት ጀምሮ ብሩሽ መያዝ አቅቶኛል።

አምና ከደርቢው በፊት በነበረው ሐሙስ አንተ ካፌው ውስጥ ስላልነበርክ ከሥሩ ልንገርህ። አንተ እያሰለጠንከን ስምንት ጨዋታ ሆኖን ነበር ሳናሸንፍ። አምስት ሽንፈት፣ ሦስት አቻ። ሠፈሩ በሙሉ አሰልጣኝ ሆኖ ነበር። ዳቦ ቤት ስገባ ወሬው ቀጥ ይላል፤ ከዚያ አንዱ "በወንድምህ አትቀየመንና..." ብሎ ይጀምራል። እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው በደህና ጨርሶ አያውቅም። ማክሰኞ ዕለት እማማ ሥጋ ቤት ተሰልፋ አንዱ ከኋላ "ለአሰልጣኙ እናት ጅማት ጅማቱን ስጧት፤ ልጇም የሚያበላን ይሄንኑ ነው" አለ። ሰው ሳቀ። እሷ ባዶ ዘንቢል ይዛ ተመለሰች፣ ኮቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ቀረች። ይህን ለአንተ እንዳልነግርህ አስምላኛለች። መሐላውን አፍርሻለሁ።

ሐሙስ ዕለት በዶን ካሲሚሮ ጠረጴዛ ዙሪያ እንደወትሮው አሥራ ሁለታችን ነበርን። ካርታው ተሰብስቦ የማቴ ሻዩ ይዞራል። የተያዘው ጉዳይ ለደርቢው የምንሰቅለው ጨርቅ ላይ ምን ይጻፍ የሚል ነበር። ጠረጴዛው ያሰቀለውን የሜዳው ደረጃ ላይ ያለው ሰው በሙሉ እንደሚከተል አንተ አትስተውም። "ከአንተ ጋር ነን" ካለ ይዘፈናል፤ "በቃ" ካለ ይፏጫል፣ ሰኞ ደግሞ አሰልጣኙ ሻንጣውን ያዘጋጃል።

ቱርኩ እንደልማዱ ቆሞ ነበር የሚናገረው።

"ትዕግሥት ትሉኛላችሁ! ትዕግሥት ለሐኪም ቤት ወረፋ ነው! ስምንት ጨዋታ ሙሉ የእጅ ውርወራ እንኳ አስተካክለን አልወረወርንም!"

"አምና 'ለዚህ ሰው ሐውልት ሥሩለት' ስትል የነበርከው አንተ አይደለህም እንዴ?" አለችው ኦፊሊያ ከባንኮኒው ጀርባ ብርጭቆ እየወለወለች።

"አሁንም ይሠራለት! ሐውልት ቢያንስ ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ አጥቂ አያስወጣም!"

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

"ልጆች" አለ ዶን ካሲሚሮ፣ ማቴውን አስቀምጦ። "እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ አሥራ ዘጠኝ አሰልጣኝ ሲባረር አይቻለሁ። የሚመጣው ሁሌም ከሄደው ይብሳል። ኤልቢዮ የእኛው ልጅ ነው፣ ጉልበቱን የሰበረው እዚህ ሜዳ ላይ ነው። አንድ እሑድ ብንጨምርለት ምን እንሆናለን?"

"አንዱ እሑድ እኮ ሞሊኖ ነው ዶን ካሲሚሮ! እርስዎ ጡረታ ወጥተዋል። እኔ ዱቄት ፋብሪካው ውስጥ ከእነዚያ የሞሊኖ ዱቄታሞች ጋር ነው ቀኑን የምውለው! ሰኞ ጠዋት መቆለፊያዬ ውስጥ የበሰበሰ ዓሣ ሲያስገቡልኝ እርስዎ አይመጡልኝም!" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ይቅርታ ራሚሮ። ወንድምህን እንደ ሰው እወደዋለሁ።"

"ምንም አይደል" አልኩ። እውነትም ምንም አልነበረም። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ድድህን በምላስህ ነክተህ የሌላ ሰው እንደሚመስልህ፣ ያን ሰሞን ስምህ ሲጠራ እንደዚያ ነበር የምሆነው።

በጩኸት እንደማይሆን ሲታይ ዶን ካሲሚሮ ትሩኮ የሚባለውን ካርታ ስንጫወት ነጥብ የምንይዝበትን የቦሎቄ ቆርቆሮ አወጣ። ኦፊሊያ ከጓዳ ሽምብራ አመጣች። ለእያንዳንዳችን አንድ ቦሎቄ አንድ ሽምብራ ታደለን። ቦሎቄ "ይቆይ"፣ ሽምብራ "ይሂድ"። የመረጥከውን የዶን ካሲሚሮ ኮፍያ ውስጥ ትጥላለህ፣ ሌላውን ጨብጠህ ወደ ቆርቆሮው ትመልሳለህ። ማንም የማንንም እጅ አያይም።

ስድስት ለስድስት ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከእኛ ጠረጴዛ በቀር ከየትም አይመጣም። ቱርኩ "ጨርቁን በሁለት በኩል እናስጽፈው!" አለ። በፊት ለፊቱ "ኤልቢዮ፣ ከአንተ ጋር ነን"፣ በጀርባው "ኤልቢዮ፣ በቃ"። በመጀመሪያው እንጀምራለን፤ እስከ እረፍት ከተመራን ይገለበጣል። አጨበጨቡ። የሰሎሞን ፍርድ ያዩ መሰላቸው። ጸሐፊው ደግሞ የታወቀ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የክለቡን ጨርቅ ከእኔ በቀር የጻፈ የለም።

ቅዳሜ እማማ ግቢ ውስጥ ጨርቁን ዘርግቼ ሁለቱንም በአባባ ፊደል ጻፍኩ፤ ጀልባዎቹ ላይ ስም ሲጽፍ በነበረበት፣ የፊደሉን እግር ረዘም አድርጎ በሚስበው። እማማ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ አነበበችው። "ያኛው ቀለም እስኪደርቅ ይሄኛውን አትገልብጠው፣ ይበላሽብሃል" አለችና ገባች።

እሑድን አንተም ታውቀዋለህ፤ ከእኔ በኩል ግን እንዲህ ነበር። የጨርቁን ግራ ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ አገቡብን። ዳኛው ለእረፍት ሲነፋ ቱርኩ ከቀኝ ጫፍ "ገልብጥ!" አለኝ። ገለበጥኩ። ገመዱን ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት፣ ነፋስ እንዳይወስደው። ከመልበሻ ክፍል ስትወጣ ቀና ብለህ አነበብክ። ጆሮህን አከክ አደረግክ፣ ሄደህ ተቀመጥክ። ፉጨቱ ጀመረ።

ከዚያ ሁለት አገባን። ሁለተኛው ጎል ሲገባ ቱርኩ እያለቀሰ "መልሰው! ያንን ጨርቅ መልሰው!" ይለኛል፣ እኔ ቋጠሮውን እፈታለሁ፣ አይፈታም። ስድስት ሺህ ሰው ስምህን ሲዘፍን ከራሱ ላይ "በቃ" ተንጠልጥሎ ነበር። አንተ እጅህን እንኳ አላነሳህም። ሰኞ ጠዋት ራስህ ለቀቅክ።

መናኸሪያው ላይ ያልከኝን እያንዳንዱን ቃል አስታውሳለሁ። "የአባባን ፊደል ከሜዳው ማዶ አውቀዋለሁ። ሥራህ ነው፣ አልቀየምህም። ስድስት ለስድስት እንደነበር ዶን ካሲሚሮ ነግሮኛል። ይቆይ ካሉት ስድስት አንዱ አንተ ነህ፤ እሱ ይበቃኛል።" ከዚያ አቀፍከኝ። እኔ "ሻንጣህን እንዳትረሳ" አልኩህ።

ትናንት ጠረጴዛው እንደገና ተሰበሰበ። አዲሱ አሰልጣኝ ስድስት ጨዋታ አላሸነፈም፣ ክርክሩም ያው ነው፣ ቱርኩም ያው ነው። ዶን ካሲሚሮ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ "ታግሦ መቆም ምን እንደሆነ ከዚህ ሰው ተማሩ" አላቸው። "አምና ከተማው በሙሉ ፊቱን ሲያዞር ለወንድሙ ቦሎቄ የጣለ ነው።" ቱርኩ እንኳ አንገቱን ደፋ። ከዚያ እጄ ላይ አንድ ቦሎቄ አንድ ሽምብራ አስቀመጠ። ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። ናፍቆት ነው ብለው ሳያዝኑልኝ አልቀሩም።

ኤልቢዮ፣ እኔ የጣልኩት ሽምብራ ነበር።

የእኔን ብትጨምርበት ሰባት ለአምስት ይሆን ነበር። ጨርቁ ጀርባ አይኖረውም ነበር። እረፍት ላይ የሚገለበጥ ነገር አይኖርም ነበር። ሁለቱ ጎሎች በዚያም ሆነ በዚህ ይገቡ ነበር፣ አንተም ዛሬ እዚህ ነበርክ።

ጠልቼህ አይደለም። ቅናትም አልነበረም፤ ደጋግሜ ፈትሼዋለሁ። ደክሞኝ ነው። እማማን ከነኮቷ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ አየኋትና እንዲያልቅ ፈለግኩ። አንተን አላሰብኩህም። የሚያሳፍረኝም ይሄው ነው፤ በዚያች ደቂቃ አንተ ወንድሜ ሳትሆን ሰው ሁሉ የሚያወራለት አሰልጣኙ ነበርክ። ስጥል ምንም አልተሰማኝም። ስጽፍም፣ ስገለብጥም። መናኸሪያው ላይ ያቀፍከኝ ጊዜ ግን ተሰምቶኛል፣ ከዚያ ወዲህም አልተወኝም።

ቦሎቄዋን ወደ ቆርቆሮው መመለስ ነበረብኝ። እጄን አስገብቼ ጨብጫት መልሼ አወጣኋት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ዓመት ሙሉ በሥራ ሱሪዬ ኪስ ነበረች። ጠረጴዛው አንዲት ቦሎቄ ጎድላው በቢራ ቆርኪ እየሞላ ነው የሚጫወተው፤ ዶን ካሲሚሮ አይጥ በልታታለች ይላል። ለእነሱም እነግራቸዋለሁ፤ ግን መጀመሪያ አንተ ታውቅ ብዬ ነው።

እሑድ ሜዳ አልገባም፣ ጨርቁንም ሌላ ሰው ይጻፈው። እማማ ጋ ፓስታውን እበላለሁ። መልስ ባትጽፍልኝ አልፈርድብህም፤ ለእሷ ግን ስለ ሹራቡ አንድ ቃል ጻፍላት።

ፖስታው ውስጥ የምታገኛት ቦሎቄ ያቺው ናት። ትንሽ ቀለም ነክቷታል። ያንተ ነበረች።

ወንድምህ
ራሚሮ